ስለ ሥራ ሕይወት ቤተ መዘክር ለጎጃም ነጋዴዎች የቀረበ አሳብ

ነጋዴ የሆነ ሰው ዕቃን በሦስት ይከፍለዋል፤ የሚሸጥ፣ የሚሠራበትና የሚጣል። የሚሸጠው በመደርደሪያ ላይ ይደረደራል። የሚሠራበት በጓዳ ወይም በመጋዘን ይቀመጣል። የሚጣለው ግን ለቁራሌው ይሰጣል፤ ወይም ከመጋዘኑ ጀርባ ወድቆ ዝናብ ይመታዋል። በደብረ ማርቆስ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ገበያዎች፣ በደጀንና በሉማሜ፣ በአማኑኤልና በደምበጫ፣ በቢቸናና በሞጣ የቆዩ የንግድ ቤቶች ሲታደሱ ወይም ለወራሾች ሲከፋፈሉ፣ በዚህ በሦስተኛው ክፍል የሚገኘው ዕቃ ምን እንደሆነ ልብ ብሎ የሚመለከት ጥቂት ነው። ከነመመዘኛ ድንጋዩ የቆየ ሚዛን፣ አፉ የተሸረፈ ቁና፣ የበቅሎ ኮርቻና መጫኛ፣ ጥርሱ ያለቀ የልብስ ስፌት መኪና፣ የዱቤ ገዢዎች ስም የሰፈረበት መዝገብ፣ በክር የታሰረ የደረሰኝ ጉርድ፤ ይህ ሁሉ ዛሬ የሚገመተው በብረትና በወረቀት ክብደቱ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ከተባሉት ሦስት ክፍሎች ሌላ አራተኛ ክፍል እንዳለ ለማሳሰብ ነው። እርሱም የሚጠበቅ ዕቃ ነው። የሚጠበቅ ዕቃ የሚባለው የወርቅ ዘውድ ወይም የጦር ጎራዴ ብቻ አይደለም። ሰው በላቡ እንጀራውን ያገኘበት መሣሪያም ሊጠበቅ ይገባዋል፤ ይህንን ሥራ ለመጀመርም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ይልቅ ለንግድ ምክር ቤቱ አባሎች ይቀርባቸዋል።

የውጭ አገር ምሳሌ ለማየት የዴንማርክን ሥራ መመልከት ይበቃል። ዴንማርክን የኢትዮጵያ አስመጪና ላኪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቃት በመርከብ ሥራዋ ነው፤ በጂቡቲ ወደብ በኩል ከሚመላለሱት ኮንቴይነሮች መካከል ሜርስክ የሚል ስም የተጻፈባቸው ማዕከሉን በኮፐንሃገን ያደረገ ኩባንያ ናቸው። በዚያችው በኮፐንሃገን ከተማ ሠራተኞች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1879 ዓ.ም. ለራሳቸው ያሠሩት የመሰብሰቢያ ቤት አለ። ያ ቤት በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሠራተኞች ቤተ መዘክር ሆነ፤ ለሕዝብ የተከፈተውም በ1983 ዓ.ም. ነው።

ወደዚህ ቤት የሚገባ ጎብኚ የነገሥታት ዙፋን አያይም። የሚያየው አንድ የሠራተኛ ቤተ ሰብ ለረዥም ዘመን የኖረበትን ጠባብ ባለ ሁለት ክፍል መኖሪያ ነው፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ ሳህኑና የግድግዳ ሰዓቱ ሳይቀር በቦታው ተቀምጧል። ወላጆች ከብዙ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል እንዴት እንዳደሩ፣ ውሃ እንዴት እንደሞቀ፣ ልብስ በየትኛው ቀን እንደታጠበ ዕቃው ራሱ ይናገራል። ሌላው ክፍል ሥራ የጠፋበትን የ1930ዎቹን የችግር ዘመን ያሳያል። ቀጥሎም የ1950ዎቹ ሱቅና ሳሎን ይመጣል፤ በዚያም ሰው ከችግር ወጥቶ አዲስ ዕቃ በየወሩ ክፍያ መግዛት እንደጀመረ ይታያል።

ለኢትዮጵያ ነጋዴ፣ በተለይም ለቡና ላኪ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የዚያ ቤት የቡና መሸጫ ነው። ዴንማርክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጀርመን ተይዛ ሳለች ቡና ከባሕር ማዶ መምጣት አቁሞ ነበር፤ ከጦርነቱም በኋላ እጥረቱ ወዲያው አልተወገደም። ስለዚህ ሕዝቡ ቺኮሪ የሚባል ተክል ሥር ቆልቶና ፈጭቶ በቡና ፋንታ ይጠጣ ነበር። ቤተ መዘክሩ ያንን የችግር ዘመን መጠጥ ለጎብኚ እያፈላ ይሸጣል። ጎብኚው ገንዘብ ከፍሎ የአያቱን ችግር በምላሱ ይቀምሳል ማለት ነው። ቡና የማይበቅልባት አገር ቡና ያጣችበትን ዘመን በቤተ መዘክር ስታስቀምጥ፣ የቡና መገኛ የሆነችው አገር ቡናውን ለቅመው፣ አድርቀው፣ ፈልፍለው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ለገበያ ያደረሱትን ሰዎች ሥራ በምን አኳኋን አስቀምጣዋለች? ይህ ጥያቄ ለላኪው ሁሉ የቀረበ ነው።

አንዳንድ ነጋዴ ምናልባት፤ የሠራተኛ ቤተ መዘክር የሠራተኛ ማኅበር ጉዳይ ነው፤ ለአሠሪና ለባለ ሱቅ ምን ይጠቅመዋል? ይል ይሆናል። የዴንማርክ ታሪክ ራሱ ለዚህ መልስ ይሰጣል። በ1899 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር የዚያ አገር አሠሪዎች በሠራተኞች ላይ የፋብሪካዎቻቸውን በር ዘግተው፣ ከሦስት ወር ለሚበልጥ ጊዜ ሁለቱ ወገኖች እልህ ተጋቡ። በመጨረሻም በመስከረም ወር ስምምነት ተፈራረሙ። በስምምነቱ አሠሪዎቹ የሠራተኛውን በማኅበር የመደራጀት መብት ተቀበሉ፤ ሠራተኞቹም ሥራን የመምራትና የማከፋፈል ሥልጣን የአሠሪው መሆኑን አጸኑ። ያ ስምምነት ለዴንማርክ የሥራ ሰላም እስከ ዛሬ እንደ መሠረት የሚቆጠር ነው። እንግዲህ የሠራተኛው ታሪክ የአሠሪውም ታሪክ ነው፤ ሚዛን በአንድ ወገን ብቻ አይመዝንምና።

ደግሞም በዚያ አገር ቤተ መዘክር ማቋቋም የነጋዴ ልማድ ሆኖ ቆይቷል። ካርልስበርግ የተባለውን የቢራ ፋብሪካ በ1847 ዓ.ም. ያቋቋመው ያኮብሰን የተባለ ጠማቂ፣ በ1876 ዓ.ም. ከትርፉ የሳይንስ መርጃ ድርጅት መሠረተ። ፍሬደሪክስቦርግ የሚባለው የነገሥታት ግንብ በ1859 ዓ.ም. በእሳት ከጠፋ በኋላም፣ ግንቡ የአገሪቱ የታሪክ ቤተ መዘክር እንዲሆን ያደረገው በ1878 ዓ.ም. ይኸው ሰው ነበር። የቢራ ጠማቂ የአገሩን ታሪክ ማስጠበቅ ከቻለ፣ የጤፍ፣ የማር፣ የቆዳና የጨርቅ ነጋዴ የማይችልበት ምክንያት አይታይም።

ወደ አገር ቤት ሲመለሱ መልካም ጅምር የለም ማለት አይደለም። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ያለበት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ ነው፤ ይህም ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የተቋሙ ቤተ መዘክር የኢትዮጵያን ሕዝቦች ኑሮ ከልጅነት እስከ ዕድሜ ጉልምስና፣ ከዚያም እስከ ሞት ባለው ቅደም ተከተል ያሳያል። በዚያ ቤት እርሻውም፣ ሽመናውም፣ ሸክላውም ሥፍራ አግኝቷል። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት በነበረበት ሕንፃ ውስጥ የገበሬው ማረሻ መታየቱ ትልቅ ትምህርት ነው። በድሬዳዋም በ1895 ዓ.ም. ወደዚያ የደረሰው፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡር አሮጌ ጣቢያና የጥገና ቤት የብረት ሠራተኛው ትውልድ ምን ያህል ጥበብ እንደነበረው ይመሰክራል። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር የተቋቋመው በ1955 ዓ.ም. ነው፤ እንግዲህ የኢትዮጵያ ሠራተኛ በማኅበር የመደራጀት ታሪክ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህን ታሪክ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ግን በየዓመቱ እየጎደሉ ነው።

የጎጃም የሥራ ታሪክ ደግሞ ከፋብሪካ እጅግ የሚቀድም ነው። ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ፣ በየጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው ምዕተ ዓመት በአገሪቱ ውስጥ ከታወቁት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። በዚያን ዘመን ጎጃምን ያዩት እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክና ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ስለዚህ ገበያ ጽፈዋል። ከአባይ ማዶ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ዝባድ ይመጣ ነበር፤ ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ጨሌ። የዚያ ዘመን የንግድ ገንዘብ አሞሌና የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር እንደነበሩ ነጋዴ ሁሉ ከአባቱ የሰማው ነው።

ነገር ግን አንድ አሞሌ ጨው በባሶ ገበያ ላይ ከመቀመጡ በፊት በስንት ሰው እጅ አልፏል? በአፋር በረሃ በጠራራ ፀሐይ ጨውን በመጥረቢያ የቆረጠው አለ፤ በግመል ወደ ደጋ ያወጣው አለ፤ በአህያና በበቅሎ ጭኖ ለብዙ ሳምንት የነዳው አጋሰስ ነጂ አለ፤ በየኬላው ቀረጥ የተቀበለው አለ፤ በአባይ መሻገሪያ ላይ ሕይወቱን ለውሃና ለአዞ አሳልፎ ሰጥቶ ጭነት ያሻገረ ዋናተኛ አለ። የሲራራው ነጋዴ ስም በታሪክ ሲነሣ፣ የነጋድራሱም ሹመት ሲጻፍ፣ የእነዚህ ሰዎች ስም ግን አንድም ቦታ አይገኝም። ከእነርሱ የቀረ ቢኖር መጫኛው፣ ኮርቻውና ልጓሙ ነው፤ እርሱም አሁን እየተቃጠለና እየተጣለ ነው።

ይህ ታሪክ ሲጻፍ መልካሙን ብቻ መርጦ መጻፍ አይገባም። በባሶ ገበያ ላይ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። የባሪያ ንግድንና ባርነትን ለማጥፋት በ1916 ዓ.ም. አዋጅ ወጣ፤ ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የወጣው ደግሞ በ1934 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የሥራ ሕይወት ቤተ መዘክር ያለ ደመወዝና ያለ ፈቃዱ የሠራውን ሰው ታሪክ ቢሸሽግ፣ ሒሳቡ ያልተመረመረ መዝገብ ይሆናል። ጥሩ ጸሐፊ ዕዳን ከገቢ ለይቶ ይጽፋል እንጂ ዕዳውን አይፍቅም።

ከዚህም ሌላ የእጅ ጥበብ ባለቤቶች ጉዳይ አለ። ጎጃሜ ሁሉ የሚለብሰውን ጋቢና ኩታ የሠራው ሸማኔ፣ ማረሻውን የቀጠቀጠው ብረት ሠሪ፣ ጋኑንና ምጣዱን የሠራችው ሸክላ ሠሪ፣ ኮርቻውን የሰፋው ፋቂ፣ ለአገሩ ይህን ያህል እየጠቀሙ በስድብ ስም ሲጠሩና ከማኅበር ሲገለሉ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ ከተነገረ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ስድቡ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው መጽሐፋቸው የአገር ሀብት ምንጭ ሥራ መሆኑን አስረድተዋል። አዋጅና መጽሐፍ ያልጨረሱትን፣ የሸማኔውን መወርወሪያና የብረት ሠሪውን ወናፍ በክብር ስፍራ ላይ አስቀምጦ ልጆችን ማስጎብኘት ሊረዳው ይችላል። አንድ ልጅ አባቱ የሚሠራበትን መሣሪያ በመስተዋት ውስጥ በክብር ተቀምጦ ያየ ቀን፣ በጓደኞቹ ፊት ቀና ብሎ ይሄዳልና።

የሴቶችም ሥራ ሊረሳ አይገባውም። የከተማው ኑሮ የቆመው ጠላ በጠመቀችው፣ አረቄ ባወጣችው፣ እንጀራ በጋገረችው፣ ጥጥ በፈተለችውና በጉልት ተቀምጣ በርበሬና ጨው በሸጠችው ሴት ጉልበት ነው። የእነርሱ ንግድ የተጻፈ መዝገብ የለውም። መዝገባቸው እንዝርቱ፣ የድንጋይ ወፍጮውና የአረቄ ማውጫው እንስራ ነው። ሞተር ወፍጮ በገባበት ከተማ ሁሉ የድንጋዩ ወፍጮ ከጓዳ ወጥቶ የደጃፍ መቀመጫ ሆኗል፤ ስንት እናቶች በሌሊት ተነሥተው እንደፈጩበት ግን በላዩ የሚቀመጠው ልጅ አያውቅም።

ወደ ቅርቡ ዘመን ሲመጣ ደግሞ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጣልያን በተከፈለ የጦር ካሣ በባሕር ዳር የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በያኔው የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ውስጥ በሺፍት የሚገባና በሳይረን የሚወጣ አዲስ ዓይነት ሠራተኛ ፈጠረ። የጭነት መኪናም የሲራራውን መንገድ ወረሰ። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ጫኝና አውራጁ፣ መካኒኩ፣ ጎሚስታው፣ የልብስ ሰፊውና የሱቅ ተላላኪው፣ ጽሕፈት መኪና የሚመታው ጸሐፊ ሳይቀር፣ የእነዚህ ሁሉ ሥራ ታሪክ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው ፍቅር እስከ መቃብር በተባለው ልብ ወለድ የጎጃምን ገጠር ባላባትና ባላገር ኑሮ በቃል አኑረውታል። እርሳቸው በቃል ያኖሩትን ያህል፣ ነጋዴው በዕቃ ሊያኖረው የሚችለው ብዙ ነው።

ለዚህ አሳብ የሚቀርቡትን ተቃውሞዎች ሳይመረምሩ ማለፍ አይገባም። የመጀመሪያው ተቃውሞ የጊዜ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በደረሰው ጦርነት ምክንያት መንገድ ሲዘጋ፣ ዕቃ በየቦታው ሲቆም፣ ሱቅም ሳይከፈት ሲውል የቆየ መሆኑ የታወቀ ነው። በዚህ ጊዜ ስለ አሮጌ ሚዛን ማሰብ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን አስተውሎ ለሚመለከተው ነገሩ ተቃራኒ ነው። በሰላም ዘመን የተረሳ ዕቃ ቢያንስ በተረሳበት ይቆያል፤ በችግር ዘመን ግን ይሸጣል፣ ይቃጠላል ወይም ባለቤቱ ሲሰደድ ይበተናል። የተዘጋ መንገድ ይከፈታል፤ የጎደለ ዕቃ ከጂቡቲ ይመጣል፤ የ1940ዎቹ የደመወዝ መዝገብ ግን አንዴ ከተቃጠለ ከየትም ወደብ አይመጣም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ቤተ መዘክር ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ትልቅ ሕንፃ፣ መስተዋትና መብራት ነው። የኮፐንሃገኑ ሠራተኞች ግን ለመሰብሰቢያ ያሠሩት ቤት ቤተ መዘክር የሆነው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። መጀመሪያ የተፈለገው ሕንፃው አልነበረም፤ ዕቃውን ያልጣለ ሰው ነበር። ዝርዝር መዝገብ ለመክፈት የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ ታማኝ ጸሐፊ ነው። ይህም ከአንድ ኩንታል ስኳር ማጓጓዣ የሚበልጥ ወጪ የለውም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ብዙ ጊዜ በግልጥ የማይነገር ነው፤ እርሱም ፍርሃት ነው። የአባቶች መዝገብ ቢከፈት ለተሸካሚው በቀን ስንት እንደተከፈለው፣ ብድር በምን ያህል ወለድ እንደተሰጠ፣ ማን ከማን ዕዳ እንደነበረበት ይታያል የሚል ነው። ይህ ፍርሃት ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። ስለዚህ የግለሰብ ስምና ዕዳ ያለበት ገጽ ለተወሰነ ዘመን ተዘግቶ እንዲቆይ ከባለቤቱ ጋር መዋዋል ይቻላል። ነገር ግን የቀን ሠራተኛው ዋጋ አነስተኛ እንደነበረ መታየቱ ለልጅ ልጁ ነጋዴ ውርደት አይሆንበትም። የዴንማርክ ቤተ መዘክር የሠራተኛውን ጠባብ ቤትና የሥራ አጡን ሰልፍ በማሳየቱ የዴንማርክ ነጋዴ ክብር አልቀነሰም። ይልቁንም አገሪቱ ከየት ተነሥታ የት እንደደረሰች ማስረጃ ሆነላት። ድህነቱን የሸሸገ አገር ዕድገቱን በምን ይለካል?

እንግዲህ ሊደረግ የሚገባው ነገር በአጭሩ ይህ ነው።

በመጀመሪያ፣ እያንዳንዱ የንግድ ቤት አሮጌ ዕቃውንና ወረቀቱን ከመጣሉ በፊት ለምክር ቤቱ ያስታውቅ። ማስታወቅ ማለት መስጠት አይደለም፤ ዕቃው በባለቤቱ ቤት ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ምክር ቤቱ ከአባሎቹ መካከል ጥቂት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ይምረጥ፤ በኮሚቴውም ውስጥ ከነጋዴዎቹ ጋር ሸማኔ፣ ልብስ ሰፊ፣ ሾፌር፣ ጫኝና አውራጅ፣ የጉልት ነጋዴ ሴትም ይኑሩበት። ስለ ሠራተኛ ሥራ ሠራተኛው በሌለበት ቢጻፍ የሚጻፈው ወሬ ነውና።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ገጽ ይከፈትለት። በገጹም ላይ የዕቃው ስም በአካባቢው አነጋገር፣ ከምን እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደሠራበት፣ በየትኛው ዘመን፣ ለምን ሥራ፣ በስንት ዋጋ እንደተገዛ ይጻፍ። ስም የሌለው ሚዛን ብረት ብቻ ነው፤ ታሪኩ የተጻፈለት ሚዛን ግን ምስክር ነው። ሽማግሌዎችም በሕይወት ሳሉ ቃላቸው ይቀረጽ። ዛሬ ይህ ከባድ አይደለም፤ የእጅ ስልክ የሌለው ነጋዴ የለምና።

አራተኛ፣ በስጦታም ሆነ በአደራ ለተሰጠ ዕቃ ሁሉ በሁለት ቅጂ የተፈረመ ደረሰኝ ይሰጥ። በደረሰኙም ላይ ስጦታ ወይም አደራ መሆኑ በግልጥ ይጻፍ። ብዙ መልካም ሥራ በመሐል የፈረሰው በአሳብ ክፋት ሳይሆን በደረሰኝ ጉድለት መሆኑን የንግድ ሰው ያውቃል።

አምስተኛ፣ አሮጌ ዕቃን እየዞረ በርካሽ የሚገዛ ሰው ሲመጣ ነጋዴው ይጠንቀቅ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ባለቤቱም እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ላኪ የሆነ ሰው ይህን ከሌላው ይበልጥ ሊያውቀው ይገባል። ዛሬ በጥቂት ብር የተሸጠ ዕቃ ነገ በባዕድ አገር መስተዋት ውስጥ ቢታይ፣ የልጅ ልጅ የአያቱን ዕቃ ለማየት ቪዛ መጠየቅ ይኖርበታል።

ስድስተኛ፣ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎችና የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በምዝገባው ሥራ እንዲረዱ ይጠየቁ። ተማሪው ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተቀምጦ የአንድ ዕቃ ታሪክ ሲጽፍ፣ ንግድ ከመደርደሪያ ጀርባ መቆም ብቻ እንዳልሆነ ይማራል።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ የቦታው ጉዳይ በራሱ ጊዜ ይመጣል። በአንድ መሰብሰቢያ አዳራሽ ጥግ ይጀመር፤ ወይም በአንድ አሮጌ ሱቅ ይጀመር። በእርግጥም ከአሮጌ ሱቅ የበለጠ ለንግድ ታሪክ የሚስማማ ቤት የለም፤ መደርደሪያው፣ ባንኮኒውና የእንጨት መዝጊያው ራሳቸው የሚታዩ ዕቃዎች ናቸውና። ወጪውም ቢሆን፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደተባለው፣ ለአንድ ነጋዴ ከባድ የሆነው ለምክር ቤቱ አባሎች ሁሉ ሲከፋፈል የሚሰማ አይሆንም።

ጥቅሙንም በንግድ ቋንቋ መናገር ይቻላል። ወደ ጎጃም የሚመጣ እንግዳ ብዙውን ጊዜ የሚያየው የጣናን ገዳማትና የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ነው፤ በደብረ ማርቆስ ለምሳ ቆሞ ያልፋል። አንድ ቀን የሚያሳድረው ነገር ቢያገኝ ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱ፣ የእጅ ሥራ መሸጫውና ታክሲው ይጠቀማሉ። ነገር ግን ይህ ትርፍ ሁለተኛ ነው። የመጀመሪያው ትርፍ፣ የከተማው ልጅ ከተማውን ማን እንደሠራት ማወቁ ነው። መንቆረር ትባል የነበረችውን ከተማ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻ አድርገዋታል፤ ስሟም ከቤተ ክርስቲያኗ ተወስዶ ደብረ ማርቆስ ተብሏል። ይህ በመጽሐፍ ተጽፏል። ድንጋዩን የፈለጠው፣ እንጨቱን የተሸከመው፣ ለግንበኛው እንጀራ የጋገረችው ግን አልተጻፉም። ስማቸውን ዛሬ ማግኘት ባይቻልም፣ ሥራቸውን የሚመስል ሥራ ዛሬም የሚሠሩት ከከተማው አልጠፉም፤ የእነዚህ ስም እንዳይጠፋ ማድረግ ግን ይቻላል።

የንግድ ቤት በዓመቱ መጨረሻ ላይ ቆጠራ ያደርጋል፤ ምን እንዳለው፣ ምን እንደጎደለው ያውቃል። የጎጃም የሥራ ሀብት ግን እስከ ዛሬ ቆጠራ አልተደረገበትም። በሚቀጥለው የንብረት ቆጠራ ጊዜ እያንዳንዱ ባለ ሱቅ፣ ከሚሸጠው፣ ከሚሠራበትና ከሚጣለው ቀጥሎ አራተኛ ዓምድ በመዝገቡ ላይ ቢያሰምርና የሚጠበቅ ብሎ ቢጽፍበት፣ ቤተ መዘክሩ ያን ዕለት ተመሠረተ ማለት ነው።